የእንሰት መፋቂያው ማሽንና የዘገየው ማመልከቻዬ

እናቴ እንሰት ስትፍቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ሳንቃውን ዘንበል አድርጋ ታቆማለች፤ የእንሰቱን ሽፋን እላዩ ላይ ታጋድምና በአንድ እግሯ ጫፉን ሽቅብ ደግፋ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጇ ላይ ይቀራል። ማታ ስትነሳ ወገቧን ይዛ ነው። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስሆን የመጀመሪያ የምርምር ሐሳቤ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለ ማሽኑ ለማውራት ሳይሆን ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራን መብት በሕግ የሚያስጠብቅ ሰነድ፣ ለመጠየቅ እንዴት እንደዘገየሁ ለመናገር ነው። እጁ ላይ የሚሠራ ነገር ያለው ወጣት ተመራማሪ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የጨረሰ ተማሪ ወይም ከጋራዥ ጥግ አዲስ መሣሪያ ያወጣ ባለሙያ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጉድጓዱን ማንም አልቆፈረልኝም። ራሴ ነኝ የቆፈርኩት፤ ያውም እየተጨበጨበልኝ።

በ2009 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው አነስተኛ የምርምር በጀት አገኘሁ። ውሉን ፈረምኩ፣ ስንት ገጽ እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ላሜራ፣ ሞተርና ተሸካሚ ኩሽኔታ ተገዛ፤ ከወርክሾፑ ቴክኒሻን ጋር ቅዳሜና እሁድን ጨምረን ስንበይድ ከረምን። የመጀመሪያው ማሽን ቢላ የተበየደበት የሚሽከረከር ከበሮ ነበረው፤ ሽፋኑ በከበሮውና በአንድ ቋሚ ሳህን መካከል ይገባና ይፋቃል። ሠራ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ሠራ።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. በአንድ አገር አቀፍ ኮንፈረንስ ላይ አቀረብኩት። ስላይዶቼ ላይ የከበሮው ዲያሜትር፣ የቢላዎቹ ብዛት፣ የክፍተቱ ስፋት፣ ሙሉ የመገጣጠሚያ ንድፉ፣ ምን ቀርቶኝ! ከተሰብሳቢው አንዱ ስልኩን አውጥቶ እያንዳንዱን ስላይድ ሲያነሳ አየሁና ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ፕሮሲዲንጉ፣ ማለትም የኮንፈረንሱ ጽሑፎች መድበል፣ ታተመ፤ ለዕድገት ፋይሌ አንድ ወረቀት ተጨመረ። እኔ በነበርኩበት ክፍል ነጥብ የሚያስቆጥረው እሱ ነበር። ማንም «ከማቅረብህ በፊት የፓተንት ማመልከቻ አስገብተሃል?» አላለኝም፤ እኔም የሚጠየቅ ነገር እንደሆነ አላወቅኩም።

ያወቅኩት ሌላ ሰው ሲሠራው ነው። በ2011 መጨረሻ ላይ በአቅራቢያችን ካለ ከተማ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የእንሰት መፋቂያ መሸጥ ጀመረ ሲሉኝ ሄጄ አየሁት። ከበሮው የእኔ ነው፣ የቢላዎቹ አቀማመጥ የእኔ ነው፤ ብየዳው ግን ከእኔ ይሻላል። በንዴት ተቃጥዬ ሰውየውን ልከሰው ወደ አንድ የሕግ መምህር ጓደኛዬ ሮጥኩ። ጓደኛዬ በትዕግሥት ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «የትኛውን መብትህን ነው የነካው?» መልስ አልነበረኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው ሕጉን ማንበብ የጀመርኩት። የአገራችን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 12/1989 ነው። ረጅም አይደሉም። ለሦስት ዓመት በዘርፉ ምርምር ሠራሁ ያልኩ ሰው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጬ ልጨርሳቸው የምችላቸውን ሁለት ሰነዶች አለማንበቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አዋጁ ፓተንት ለማግኘት ፈጠራው አዲስ፣ የፈጠራ ብልሃት ያለበትና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ ሊሆን የሚችል መሆን አለበት ይላል። «አዲስ» የሚለው ቃል ላይ ነው እኔ የተሰበርኩት። አዲስነት የሚለካው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ የትም ቦታ በጽሑፍ፣ በቃል፣ በአጠቃቀም ወይም በሌላ መንገድ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር ሁሉ ቀድሞ እንደታወቀ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ በቃልም በጽሑፍም በሥዕልም ገልጬዋለሁ። የራሴ ወረቀት የራሴ ተቃዋሚ ሆነ ማለት ነው። አንዳንድ አገሮች ፈጣሪው ራሱ ላወጣው ነገር የይቅርታ ጊዜ ይሰጣሉ፤ አሜሪካና ጃፓን ለምሳሌ አንድ ዓመት ይታገሳሉ፤ የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይታገስም። እኔ አንድ ዓመት ተኩል ስላሳለፍኩ የማንም ይቅርታ የሚደርስልኝ አልነበረም። ስለዚህ ይቅርታ የሚባለውን ነገር ባትተማመኑበት ይሻላል። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ኮንፈረንስ። በመካከላቸው አንድ ቀን ብቻ ቢኖርም ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን።

በኅዳር 2012 የተዘጋጀ የሚመስለኝን ማመልከቻ ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ያኔ ስሙ የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመው ነው፤ አሁን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተብሏል። የተቀበለችኝ ባለሙያ ሰነዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ፍተሻ አድርገሃል?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ኢንተርኔት ላይ እንሰትን ከማሽን ጋር አድርጌ ፈልጌ ከጥቂት የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች በቀር ምንም አላገኘሁም ነበር። «እንሰት ብለህ ነዋ የፈለግኸው» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ማሽኑ እንሰት መሆኑን አያውቅም። ማሽኑ የሚያደርገውን ፈልግ።»

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ሁሉ በልጣ ጠቅማኛለች። የፓተንት ሰነዶች በዓለም አቀፍ ምደባ ይደረደራሉ፤ ከኤ እስከ ኤች በስምንት ክፍሎች ተከፍለው እያንዳንዱ ወደ ታች ይተነተናል። የተክል ቃጫን በመካኒካል መንገድ ከሥጋው መለየት ዲ01ቢ በሚባለው ሥር ነው ያለው። በነፃ በሚከፈቱት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች፣ ፓተንትስኮፕና ኤስፓስኔት ላይ ምደባውን ብቻ አስገብቼ ስፈልግ ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። የሲሳል፣ የሙዝ፣ የሄምፕ፣ የአናናስ ቅጠል መፋቂያ። ራስፓዶር የሚባለው፣ ቢላ ያለበት ከበሮ ቅጠሉን የሚፍቅበት የሲሳል ማሽን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። የእኔ «ፈጠራ» ቅድመ አያቱ መቶ ዓመት አልፏታል።

ሦስት ቀን ያህል እጅና እግሬ ታሰረ። በአራተኛው ቀን ግን ሰነዶቹን እንደገና ሳነብ አንድ ነገር ልብ አልኩ። እነዚያ ማሽኖች ሁሉ የሚፈልጉት ቃጫውን ነው፤ ሥጋውና ውሃው ቆሻሻ ነው፣ ታጥቦ ይጣላል። እኛ ጋ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ቆጮ የሚሆነው ሥጋው ነው፣ ቡላ የሚሆነው ከውሃው የሚጠለለው ነው፣ ቃጫው ተረፈ ምርት ነው። ስለዚህ ሥጋው ሳይበተን፣ ውሃው ሳይፈስ፣ ቃጫው ሳይበጣጠስ የሚያልፍበት መንገድ ካለ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱም ነበረን። ግን የእኔ አልነበረም።

የተማሪዬ ነበር። በ2011 የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ከእኔ ጋር የሠራ ልጅ አለ። የእንሰት ሽፋን ከሥሩ በኩል ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ነው፤ ሽፋኑም ከሽፋን ይለያያል። በእኔ ማሽን ክፍተቱ ቋሚ ስለነበር ወፍራሙን ይጨፈልቅና ቀጭኑን ሳይፍቅ ያሳልፋል። ልጁ ፕሮጀክቱን ተከላክሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ከፈታኞቹ አንዱ ይህን ድክመት ስላነሳበት፣ ለእርማት ብሎ ቋሚውን ሳህን በስፕሪንግ የሚገፋ አደረገው። ስፕሪንጉን ከአሮጌ ባጃጅ ፈትቶ ነው ያመጣው። ሳህኑ ሽፋኑ ሲወፍር ይሸሻል፣ ሲቀጥን ይጠጋል። ከሥሩ ደግሞ ውሃውን ለብቻ የሚያስቀር ዘንባላ ሳህን ጨመረበት። እኔ አድቫይዘር ነኝና «ጥሩ ነው፣ ጻፈው» አልኩት፤ አለቀ።

አሁን ዕድል የሚባለውን ነገር ስሙ። ጥናቱ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ቢሆን፣ ከዚያም አልፎ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ተጭኖ ቢሆን ስፕሪንጉም ለሕዝብ ተገልጧል ማለት ነበር። ልጁ ግን የጥራዙን ኮፒ ማስገባት ረስቶ አገሩ ገብቷል። እኔ ደግሞ ለስድስት ወር በስልክ ስቆጣው ነበር፤ «ኮፒህን ሳታስገባ ዲግሪህን አትወስድም» እያልኩ። ያ ስንፍናው ነው ያዳነን። በኅዳር ወር ደውዬ «አደራህን፣ እንዳታስገባ!» ስለው የጠጣሁ መስሎት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ሰው የማይነግራችሁ ነው፤ የማን ነው የሚለው ጥያቄ። ማመልከቻው ላይ ፈጣሪና ባለመብት የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉ፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ፈጣሪ ማለት መፍትሔውን ያሰበው ሰው ነው፤ በጀት ያመጣው፣ አለቃ የሆነው ወይም ወረቀቱን የፈረመው አይደለም። እኔ በወረቀት ላይ ስሜ መጀመሪያ መምጣቱን ለምጄ ነበርና ያንኑ ልማድ ይዤ ማመልከቻው ላይ ብቻዬን ልጻፍ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያቺው ባለሙያ ናት «ስፕሪንጉን ማን አሰበው?» ብላ ያስቆመችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ገባትና ፎርሙን መልሳ ሰጠችኝ።

ባለመብትነቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አዋጁ አንድ ሠራተኛ ፈጠራ እንዲሠራ በተቀጠረበት ውል መሠረት ያፈለቀው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል። ከውሉ ጋር የማይገናኝ ሆኖ በሠራተኛው የግል ጥረትና በአሠሪው ገንዘብ፣ መረጃ ወይም ዕቃ የተገኘ ከሆነ ደግሞ በእኩል ድርሻ የጋራ ነው። ታዲያ የዩኒቨርሲቲ መምህር የትኛው ነው? የተቀጠርኩት ላስተምር ነው፣ ልመራመርም ነው፤ «ፈጠራ እንድትሠራ» የሚል ቃል ግን ውሌ ላይ የለም። ላሜራውና ሞተሩ የዩኒቨርሲቲው ነው። ያቺ ሳላነብ የፈረምኳት የምርምር ውል ደግሞ ስትገለጥ «የምርምሩ ውጤት የተቋሙ ንብረት ይሆናል» የምትል አንዲት መስመር ነበረችባት፤ ድርሻ፣ ክፍያ፣ ፈጣሪ የሚል ቃል የላትም። ተማሪው ደግሞ ጭራሽ ተቀጣሪ አይደለም፤ ስለ ሠራተኛ የሚናገረው አንቀጽ እሱን አይመለከተውም፤ ውልም አልፈረመም። ስፕሪንጉን የገዛው፣ ገዛ ከተባለ፣ በራሱ ገንዘብ ነው።

በተቋሜ ይህን የሚፈታ የአእምሯዊ ንብረት መመሪያ አልነበረም። የቴክኖሎጂ ሽግግር የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበት አንድ ክፍል ነበር፤ ውስጡ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቅን ሰው። ቅኑ ሰውዬ ከሕግ ክፍሉ ጋር አገናኘኝ፤ የሕግ ክፍሉ ወደ ምርምር ዘርፍ ምክትል ፕሬዚዳንቱ መራኝ፤ ከዚያ ወደ ቅኑ ሰውዬ ተመለስኩ። በመጨረሻ የሕግ መምህር ጓደኛዬ አንድ ገጽ ተኩል ስምምነት አረቀቀልን፦ ዩኒቨርሲቲው ግማሽ፣ እኔና ተማሪው የቀረውን እኩል፤ የማመልከቻና የዓመታዊ ክፍያን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል፤ ገቢ ከመጣ ወጪው ተቀንሶ በድርሻ ይከፋፈላል፤ ለሌላ ሰው ፈቃድ ለመስጠት የሦስቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ይህች ገጽ ተኩል ለመፈረም ከማሽኑ በላይ ጊዜ ወሰደች። ሥራው ሳይጀመር ብትፈረም ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነበረች፤ ምክንያቱም ገና ምንም ስለሌለ የሚጣላበት ሰው የለም። አሁን ከተማሪዎቼ ጋር በመጀመሪያው ስብሰባ ነው የምንፈርመው፤ መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፣ ቆይተው ያመሰግናሉ።

ፓተንት ወይስ አነስተኛ ፈጠራ? የግልጋሎት ሞዴል የሚባለው ማለቴ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ «አነስተኛ» የሚለው ቃል ክብሬን ነክቶት ነበር። ዶክትሬት የሚማር ሰው አነስተኛ ፈጠራ ይባላል? የፓተንት ጥበቃ 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት 5 ዓመት ነው፣ በሥራ ላይ መዋሉ ከታየ ሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ቁጥሩን ሲያዩት ፓተንት ያጓጓል። ነገር ግን ለፓተንት የፈጠራ ብልሃት ይጠየቃል፤ ማለትም በዘርፉ ላለ ባለሙያ በግልጽ የማይታይ እርምጃ። አንድ መርማሪ «ቋሚውን ሳህን በስፕሪንግ ማድረግ የትኛውም መካኒክ የሚያስበው ነው» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ለአነስተኛ ፈጠራ ግን አዲስነትና ተግባራዊነት ይበቃል፤ አዲስነቱም የሚታየው በአገር ውስጥ ነው። ሳህኑ አዲስ ነው፣ ይሠራል። አበቃ።

እዚህ ላይ ስለ ፖሊሲው ትንሽ ልበል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ በኋላ በ2004 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ራዕዩ ላይ በግልጽ የሚያስቀምጠው የውጭ ቴክኖሎጂን ፈጥኖ መማር፣ ማላመድና መጠቀም የሚያስችል አቅም መገንባትን ነው። የአእምሯዊ ንብረት ሥርዓትንም ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎ ያነሳዋል። እንግዲህ ማላመድ ከሆነ የተፈለገው፣ የሲሳሉን ከበሮ ወስዶ ለእንሰት ማስማማት የፖሊሲው ልብ ነው ማለት ነው። አዋጁ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጁ መሣሪያዎች አሉ፤ አንዱ አነስተኛ ፈጠራ ነው፣ ሌላው ውጭ አገር ፓተንት የተሰጠበትን ነገር አስገብቶ ለሚሠራበት ሰው የሚሰጠው የአስገቢ ፓተንት ነው፣ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለን ሰዎች ግን የምንመዘነው በታተመ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ማላመድን ሳይሆን «አዲስ ግኝትን» ያደንቃል። ፖሊሲው አላምዱ ይላል፣ የዕድገት ፎርሙ አሳትሙ ይላል፣ የፓተንት ሕጉ ከማሳተማችሁ በፊት ኑ ይላል። ሦስቱን የሚያስታርቀው ሰው መሃል ላይ ያለው ተመራማሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስቱንም አላነበበም። ቢያንስ እኔ አላነበብኩም ነበር።

ጽሑፉን በማዘጋጀት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የጥናት ጽሑፉን ገልብጦ ይወስዳል። የማመልከቻው ልብ ክሌም የምንለው፣ የመብቱን ወሰን የሚያሰምረው ክፍል ነው። የቀረው መግለጫና ሥዕል እሱን ለማስረዳት ነው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት «እንሰት የሚፍቅ ማሽን» የሚል ነበር፤ ሰፊ ስለሆነ ጥሩ መስሎኝ። ሰፊ አጥር ግን የሌላውንም መሬት ያካትታል፤ የራስፓዶሩም የራሴም ፕሮሲዲንግ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ በዚያው ይፈርሳል። በኋላ የጻፍነው «የእንሰት ሽፋን እንደ ውፍረቱ ክፍተቱን የሚያስተካክል በስፕሪንግ የሚገፋ ሳህን፣ ከሥሩም ፈሳሹን ከሥጋው ለይቶ የሚሰበስብ ዘንባላ መቀበያ ያለው መፋቂያ» ወደሚል ጠበበ። የስፕሪንጉን ዓይነት አልጻፍንም፤ የባጃጅ ስፕሪንግ ብንል ሌላው የሞተር ሳይክል ያስገባና ይገላገለናል። በጣም ሲሰፋ ይወድቃል፣ በጣም ሲጠብ ማንም ይዞረዋል። ልኩን ለማግኘት አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈነዋል። ማመልከቻው ጥር 2012 ገባ። የምርመራ ጥያቄዎች መጡ፣ መለስን፣ ሰርተፊኬቱ ወጣ።

የብረታ ብረት ቤቱን ሰውዬ አልከሰስኩትም። ለመክሰስም መብት አልነበረኝም፤ የድሮውን ማሽን እኔው ለሕዝብ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም የሕዝብ ነውና ቢሠራው ሌባ አይደለም። ይልቅ ስፕሪንግ ያለውን ይዤለት ሄድኩ። መብቱ የተመዘገበ መሆኑን ነገርኩት፣ ሰርተፊኬቱን አሳየሁት፣ ፈቃድ ተዋዋልን፤ በሚሸጠው ማሽን ልክ ትንሽ ክፍያ። ባለሥልጣኑ ሰርተፊኬት ይሰጣችኋል እንጂ መንደር ለመንደር ዞሮ የሚቀዳውን አይይዝላችሁም፤ መብቱን ማስከበር የባለመብቱ ሥራ ነው፣ አስፈላጊ ከሆነም ፍርድ ቤት ሄዶ። የአንድ መምህር ደመወዝ ያንን አይችልም። በአቅራቢያችሁ ያለውን ጎበዝ ሠሪ ተቃዋሚ ከማድረግ አጋር ማድረግ ይቀላል። ደግሞ ለዕድሳት ጊዜ «አገር ውስጥ እየተሠራበት ነው» የሚለውን የሚያስረዳልኝ የእሱ የሽያጭ ደረሰኝ ነው፤ ከመጀመሪያው ማሽን ጀምሮ በአንድ ክላሰር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ፓተንት የማይመለከተው ነገር እንዳለም ልብ በሉ። የኮምፒውተር ክፍል ጓደኛዬ ለሠራው ፕሮግራም ፓተንት ለመጠየቅ ወር ሙሉ ሲጽፍ ቆየ፤ አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ የሳይንስ ንድፈ ሐሳብን፣ የሂሳብ ዘዴን፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያን፣ የሕክምና ዘዴን ከፓተንት ውጪ ያደርጋቸዋል። የእሱ ፕሮግራም የሚጠበቀው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ያ መብት ደግሞ ሥራው ሲፈጠር አብሮ የሚወለድ ነው፣ ማመልከቻ አይጠብቅም። ወሩን ዝም ብሎ ቢያርፍበት ይሻለው ነበር።

በእንሰት ላይ ከሠራሁ ዘንድ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የባዮሎጂ ባልደረባዬ የቆጮን እርሾ የሚያፋጥኑ ተሕዋስያንን ያጠና ነበር፤ ናሙናውን ለውጭ ላብራቶሪ በፖስታ ሊልክ ሲዘጋጅ ነው ያገኘሁት። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት (ማለትም አግኝቶ የመጠቀም) አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይወሰድ ናሙና ከአገር አይወጣም። የጤፍን ጉዳይ አነሳሁለት። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው ከጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ጋር በተያያዘ በአውሮፓ ፓተንት ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሠረ፤ የኔዘርላንዱ ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስምምነት እያለም ያን ያህል ዓመት ፈጀ። ባልደረባዬ ፖስታውን መልሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው።

የእኔ ማሽን የጄኔቲክ ሀብት አይነካም፤ የሳንቃውን ዘንባላ ማዕዘን ግን ከእናቴና ከጎረቤቶቿ ነው የለካሁት። በመግለጫው ውስጥ ባህላዊውን አሠራር «ቀድሞ የታወቀ» ብዬ በዝርዝር ጻፍኩት፤ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ያንን ማዕዘን የራሴ ነው እንዳይል። ለራስ ሲጽፉ ይህን መዝለል ይቀላል። አትዝለሉት፤ መርማሪው ቢያልፈው እንኳ ጎረቤቶቻችሁ አያልፉትም።

እናቴ ማሽኑን ሦስት ጊዜ ሞክራዋለች። ሁለት ጊዜ ዝም አለች። በሦስተኛው «ልጄ፣ ቡላው ጥሩ ነው፤ ቃጫው ግን አጭር ነው፣ ገመድ አይወጣውም» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ቢላዎቹ ቃጫውን ጫፉ ላይ ይነክሱታል። አሁን ከአንዲት የማስተርስ ተማሪ ጋር እሱን እያስተካከልን ነው፤ ስምምነታችንን የፈረምነው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ፍተሻውም ተሠርቷል፣ በዲ01ቢ ብቻ ሳይሆን። ውጤቱ እስካሁን ደስ ይላል። ቢላዎቹን ምን እንዳደረግናቸው ግን እዚህ አልጽፍም፤ ማመልከቻው ገና አልገባም።